ድንኳን በባሕር ላይ

አንባቢ ሆይ፤ ድንኳን የት የት ይተከላል ተብለው ቢጠየቁ ምን ይመልሳሉ? ለሠርግ በግቢ፣ ለሐዘን በደጃፍ፣ ለሰፈር በሜዳ ይተከላል እንደሚሉ አልጠራጠርም። «በባሕር ላይም ይተከላል» የሚል ሰው ቢያጋጥምዎ ግን ይህስ ይቀልዳል ብለው ማለፍዎ አይቀርም። ነገሩ ቀልድ አይደለም። በዓለም ሰሜናዊ ጫፍ፣ ከፌብሩዋሪ እስከ ኤፕሪል ባሉት ወራት፣ ወጣት ተማሪዎች በጨው ባሕር ላይ ድንኳን ተክለው፣ እዚያው ቀቅለው በልተው፣ እዚያው ተኝተው፣ ትምህርታቸውንም እዚያው ተምረው ይመለሳሉ። የተኙበት ወለል ራሱ የረጋ ባሕር ነው። ከወለሉ በታች ደግሞ ዓሣ የሚዋኝበት ጥቁር ውሃ አለ።

ስለ ዋልታ አገር የሚጻፈው አብዛኛውን ጊዜ ስለ ጀግንነት ነው። እኔ ዛሬ ላወጋዎ የፈለግሁት ግን ስለ ጀግና ሳይሆን ስለ ተረኛ ነው። በባሕር በረዶ ላይ የሰፈረን የተማሪዎች ቡድን በሕይወት የሚያኖረው የአንዱ ጀብዱ አይደለም፤ የሁሉም ትንንሽ ሥራ ነው። ጉድጓድ የሚበሳው፣ ገመድ የሚዘረጋው፣ ሌሊት የሚጠብቀው ሰው ተራው ሲጓደል ምን እንደሚከተል ወደ ፊት እናያለን።

ከመጀመራችን በፊት ሁለት ነገር እናስተካክል። አንደኛ፣ በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታትና ወራት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። ሁለተኛ፣ በቋንቋችን በረዶ የሚለው ቃል ብዙ ነገር ይሸከማል። በክረምት ጣራችንን የሚደበድበውም በረዶ ነው፤ በማቀዝቀዣ ውስጥ የሚረጋውም በረዶ ነው፤ በፈረንጅ አገር እንደ ባዘቶ ጥጥ ከሰማይ የሚወርደውም በረዶ ይባላል። እዚህ ላይ ግን እንዳንደናገር ውሃው ረግቶ የጠነከረውን «በረዶ»፣ እንደ ጥጥ የሚወርደውን ደግሞ «አመዳይ» እላለሁ። ልዩነቱ የቃል ጨዋታ አይደለም። አንዱ ሰው ይሸከማል፤ ሌላው የተቀደደውን ቦታ ይሸፍናል።

አገሩና ትምህርት ቤቱ

ከኖርዌይ በስተሰሜን፣ በባሕሩ መካከል፣ ስቫልባርድ የሚባሉ ደሴቶች አሉ። በ1920 በፓሪስ በተፈረመው ውል የኖርዌይ ግዛት መሆናቸው ታውቋል። ዋናው ከተማቸው ሎንግየርቢየን ይባላል። ስሙን ያገኘው በ1906 የድንጋይ ከሰል ለማውጣት እዚያ ከሰፈረው ከአሜሪካዊው ባለሀብት ከጆን ሎንግየር ነው። ከተማው በ78ኛው ዲግሪ ሰሜን ላይ ስለሚገኝ ከሰሜን ዋልታ የሚርቀው 1,300 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ከኦክቶበር መጨረሻ እስከ ፌብሩዋሪ አጋማሽ ፀሐይ ከአድማስ በላይ ብቅ አትልም። ከኤፕሪል 20 ገደማ ጀምሮ ደግሞ እስከ ኦገስት መጨረሻ ግድም ከነአካቴው አትጠልቅም።

በዚህች ትንሽ ከተማ በ1993 የተቋቋመ የዩኒቨርሲቲ ማእከል አለ። ትምህርቱ የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው። ተማሪዎቹም ከኖርዌይና ከብዙ ሌሎች አገሮች የተሰበሰቡ ናቸው። የሚያጠኑት የዋልታውን ምድር፣ ባሕሩንና አየሩን፣ በዚያ የሚኖሩትን ፍጥረታት፣ እንዲሁም በብርድ አገር የሚሠራውን ምሕንድስና ነው። ሌላ ቦታ የትምህርት መጀመሪያ መጽሐፍና ደብተር የሚታደልበት ጊዜ ነው። እዚህ ግን ለመስክ ትምህርት ከመውጣቱ በፊት ማንኛውም ተማሪ የደኅንነት ትምህርት መማር አለበት። ጠብመንጃ መያዝና መተኮስ፣ የብርድ ጉዳት መለየት፣ የጠፋ ጓደኛ መፈለግ፣ በረዷማ ውሃ ውስጥ ገብቶ ራስን ማውጣት ይለማመዳል። ይህን ሳያጠናቅቅ ከከተማው ወጥቶ ማደር የለም።

በባሕር በረዶ ላይ መኖር ራሱ አዲስ ነገር አይደለም። ኖርዌያዊው ፍሪትዮፍ ናንሰን በ1893 ፍራም የተባለች መርከቡን ሆን ብሎ በበረዶው ውስጥ አስያዛት። መርከቢቱ በረዶው ሲጨምቃት እንዳትሰበር፣ ይልቁንም ወደ ላይ ተንሸራትታ እንድትወጣ ተደርጋ የተሠራች ነበረች። ሦስት ዓመት ገደማ በረዶው ይዟት ዞሮ በ1896 ለቀቃት። በዚህም የዋልታው በረዶ እንደ መሬት ጸንቶ የሚኖር ሳይሆን የሚጓዝ ነገር መሆኑ በተግባር ታየ። በሜይ 1937 ደግሞ አራት የሶቪየት ሰዎች ከአንድ ውሻ ጋር በሰሜን ዋልታ አጠገብ፣ ሦስት ሜትር ያህል ውፍረት ባለው በረዶ ላይ ሰፈሩ። መሪያቸው ኢቫን ፓፓኒን ነበር። በረዶው 274 ቀን ሙሉ ወደ ደቡብ ይዟቸው ነጎደ። በመጨረሻ በግሪንላንድ ጠረፍ በኩል ማዕበል ሰባብሮት፣ በትንሽ ቁራጭ ላይ ቀርተው ሳለ፣ በፌብሩዋሪ 19 ቀን 1938 ሁለት መርከቦች ደርሰው አነሷቸው።

የተማሪዎቹ ሰፈር ይህን ያህል አይጓዝም። እነሱ የሚሰፍሩት ባሕሩ በተራሮች መካከል ወደ የብስ በገባበት ጠባብ ወሽመጥ ውስጥ ነው። የኖርዌይ ሰዎች እንዲህ ያለውን ወሽመጥ ፍዮርድ ይሉታል። በፍዮርድ ውስጥ ያለው በረዶ ከዳርና ዳሩ የብስ ጋር ስለሚጣበቅ እንደ መሐል ባሕሩ በረዶ አይዋልልም። ለምሳሌ ቫን ማየን የሚባለው ፍዮርድ አፉ ላይ አክሰል የምትባል ረጅም ደሴት እንደ መዝጊያ ተጋድማለታለች። የውጭው ሞገድ በቀላሉ ስለማይገባ ውሃው በደኅና ይረጋል። ስለ ባሕር በረዶ የሚያጠኑ ተማሪዎች ለብዙ ዓመታት ወደዚያ ተመላልሰዋል።

ባሕር እንዴት ይረጋል?

ንጹሕ ውሃ በዜሮ ዲግሪ ሳንቲግሬድ ይረጋል። የባሕር ውሃ ግን ጨው ስላለበት ከዜሮ በታች ወደ 1.8 ዲግሪ ካልወረደ አይረጋም። ሲረጋም ጨዉን አብሮ አያረጋውም፤ ይተፋዋል። አብዛኛው ጨው ወደ ታች ወደ ባሕሩ ይመለሳል። የቀረው በበረዶው ውስጥ በጥቃቅን ኪሶች ታጉሮ፣ ከባሕሩ ውሃ ይልቅ የመረረ ጨዋማ ውሃ ሆኖ ይቆያል። ስለዚህ የባሕር በረዶ እንደ መስተዋት አንድ ወጥ አይደለም። እንደ እንጀራ ዓይን አለው ቢባል ይቀላል።

ይህ ዓይን ለሰፋሪው ብዙ ነገር ይለውጥበታል። የሐይቅ በረዶ ሲሰበር እንደ ብርጭቆ ነው፤ ጮኾ ይሰነጠቃል። ቀጭን የባሕር በረዶ ግን ከመሰበሩ በፊት እንደ ቆዳ ይለመጣል። በሌላ በኩል ውፍረታቸው እኩል ቢሆን የባሕሩ በረዶ ከሐይቁ ይልቅ ደካማ ነው። የጸደዩ ሙቀት ሲመጣ ደግሞ ኪሶቹ እየሰፉ ይሄዳሉ። ያን ጊዜ በረዶው ውፍረቱ ሳይቀንስ ጉልበቱ ይቀንሳል። ባለፈው ወር የተሸከመው ሸክም በዚህ ወር ሊከብደው ይችላል።

አመዳዩም የራሱ ተንኮል አለው። ለበረዶው እንደ ጋቢ ነው። ብርዱ ከላይ እንዳይደርስበት ስለሚያለብሰው፣ አመዳይ የተከመረበት በረዶ ከተራቆተው ይልቅ ቀስ ብሎ ይወፍራል። ከላይ ሲያዩት ነጭና የተደላደለ ሜዳ ነው፤ ከሥሩ ግን የሳሳ ሊሆን ይችላል። ውሃው በሚፈጥንበት ቦታም፣ ይኸውም በምራቂ ተራራ አፍንጫ ዙሪያና በደሴት ጠባብ መተላለፊያ፣ ሞገዱ በረዶውን ከሥሩ እየላሰ ያሳሳዋል። በባሕሩ ዳር ደግሞ ውሃው በየቀኑ ከፍና ዝቅ ስለሚል፣ ተጣብቆ የቀረው በረዶና አብሮ የሚነሣው በረዶ የሚለያዩበት ስንጥቅ ዘወትር አለ። ከየብስ ወደ በረዶው የሚገባ ሰው የመጀመሪያ ፈተናው ይህን ስንጥቅ መሻገር ነው።

ጠርጥር፣ ከገንፎም አይጠፋም ስንጥር

አባቶቻችን ይህን ተረት ሲተርቱ የባሕር በረዶ አላዩም። ነገር ግን ለበረዶ ተጓዥ ከዚህ የተሻለ ምክር አይገኝም። የተማሪዎቹ ሕግ አጭር ነው፤ ዓይንህን አትመን፣ ለካ ይላል።

መለኪያው ቀላል ነው። ረጅም ጠመዝማዛ መሰርሰሪያ አለ፤ በእጅ ወይም በሞተር ይዞራል። በረዶው እስኪበሳ ድረስ ይሰረሰራል። ከዚያ ጫፉ ላይ ማንጠልጠያ ያለው ሜትር በጉድጓዱ ይወርዳል። ማንጠልጠያው ከበረዶው ሥር ሲያዝ ሜትሩ ይነበባል። አንዱ ተማሪ ይሰረስራል፣ ሌላው ይለካል፣ ሦስተኛው በመዝገብ ይጽፋል። ጥቂት ሄደው እንደገና ይሰረስራሉ። ብርዱ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ሲሆን፣ ነፋሱም ፊት ለፊት ሲመጣ፣ ይህ ሥራ ምን ያህል እንደሚያሰለች መገመት ይችላሉ። አሥረኛው ጉድጓድ ከዘጠነኛው ጋር አንድ ዓይነት ሲሆን «አሥራ አንደኛው ምን ያደርጋል?» የሚል ሐሳብ በሰው ልብ መግባቱ አይቀርም። በመሥሪያ ቤት መዝገብ የሚሞላ ሁሉ ይህን ሐሳብ ያውቀዋል። አደጋው ያለው ግን ሳይበሳ በታለፈው በአሥራ አንደኛው ላይ ነው።

ጉድጓዱ ከውፍረቱ በላይ ሌላም ነገር ይናገራል። በረዶ በባሕር ውሃ ላይ ሲንሳፈፍ ከአሥር እጅ ዘጠኙ ያህል ከውሃው በታች፣ አንዱ እጅ ከውሃው በላይ ይሆናል። ስለዚህ 60 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የተራቆተ በረዶ ቢበሳ፣ ውሃው ከአፉ 6 ሳንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ይቆማል። ውሃው እስከ አፉ ሞልቶ ቢፈስ ግን በረዶው ከመጠን በላይ ተጭኖበታል ማለት ነው፤ ወይ አመዳዩ በዝቷል፣ ወይ ሸክሙ ከብዷል። ያን ጊዜ ድንኳን መትከል ቀርቶ መቆምም አይገባም።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ሰው ቢሰምጥስ? ለዚህም ተማሪው አስቀድሞ የተማረው አለ። ብርዱ በውሃ ውስጥ ሰውን የሚያጠቃው በሦስት ደረጃ ነው። በመጀመሪያው 1 ደቂቃ ትንፋሽ ይቆራረጣል፤ የዚያን ጊዜ ሥራው መረጋጋት ብቻ ነው። ከዚያ እጅና እግር የሚታዘዙበት 10 ደቂቃ ያህል አለ። ሰውነት ቀዝቅዞ ራስን እስከ መሳት የሚደርሰው ወደ 1 ሰዓት ገደማ ቆይቶ ነው። እንግዲህ ሰው ወዲያው ከብርዱ የተነሣ አይሞትም፤ የሚሞተው ደንግጦ ውሃ ሲውጥ ወይም አሥሩን ደቂቃ በከንቱ ሲያባክን ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ተጓዥ በአንገቱ ሁለት የሾሉ ብረቶች አንጠልጥሎ ይሄዳል። ቢሰምጥ ፊቱን ወደ መጣበት ያዞራል፤ ያ በረዶ እስከዚያ ድረስ ተሸክሞት ነበርና። እግሩን እየመታ ሰውነቱን ያጋድማል፣ ብረቶቹን በበረዶው ላይ እየሰካ ራሱን ይጎትታል። ሲወጣም ተነሥቶ አይቆምም፤ እየተንከባለለ ይርቃል። ጓደኞቹ ወደ ጉድጓዱ አይሮጡም፤ ገመድ ይወረውራሉ።

ሰፈሩ

በተለካው ቦታ ላይ ድንኳኖቹ ይተከላሉ። እኛ ስንሰፍር እሳቱን መሐል አድርገን ክብ እንሠራለን። እዚያ ግን ድንኳኖቹ በአንድ ረድፍ ይሰለፋሉ። ምክንያቱ ዋልታ ድብ ነው። ድንኳኖች በክብ ከቆሙ አንዱ የሌላውን እይታ ይጋርዳል፤ ድብ መሐል ቢገባ ደግሞ በሰው ላይ ሳይተኩሱ እሱን መተኮስ አይቻልም። ምግብ በመኝታ ድንኳን አያድርም፤ ራቅ ብሎ፣ ከድንኳኑ ደጃፍ ሊታይ በሚችልበት ስፍራ ይቀመጣል። ድቡ ሽታ ተከትሎ ሲመጣ መጀመሪያ ወደዚያ እንዲሄድና እንዲታይ ነው። ባሕሩ ዳርም የድብ መመላለሻ ስለሆነ ሰፈር አይደረግበትም።

ሰው እንደ ገባ የሚጀመረው ሥራ ውሃ ማቅለጥ ነው። አመዳይ የሚወሰደው ከላይ ከላይ ነው፤ ከበረዶው ጋር የተነካካው የታችኛው ጨው አለበት። ድስት ሙሉ አመዳይ በነዳጅ ምድጃ ላይ ተጥዶ ሲቀልጥ ከድስቱ ሥር ጥቂት ውሃ ብቻ ይገኛል። እንደገና ይሞላል፣ እንደገና ይቀልጣል። ለሾርባው፣ ለሻዩ፣ ለነገው ጉዞ የሚበቃውን ለማግኘት ሰዓታት ይሄዳሉ። ምድጃው በድንኳን ውስጥ ሲነድ መተንፈሻው ክፍት መሆን አለበት፤ ያለበለዚያ የማይታየውና የማይሸተው ጭስ እንቅልፍ መስሎ ይገድላል። የከሰል ጭስ ያለውን አደጋ ለሚያውቅ ለእኛ አገር ሰው ይህን ማስረዳት አያስፈልግም።

ከብርዱ ይልቅ የሚፈራው ላብ ነው ቢባል ያስገርምዎ ይሆን? ሠርቶ ያላበው ሰው ሲቆም ላቡ ያቀዘቅዘዋል። ስለዚህ ተማሪው ሥራ ሲጀምር ይገፍፋል፣ ሲያቆም ይደርባል። ከውስጥ የሚለብሰው ሱፍ እንጂ ጥጥ አይደለም፤ ጥጥ ውሃ ይዞ ይቀራልና። ሲተኛ የጫማውን የውስጥ ገበርና የነገውን ካልሲ በመኝታ ከረጢቱ ውስጥ ይዞ ይተኛል፤ አለዚያ ጠዋት እንጨት ሆነው ያገኛቸዋል። ቀን ላይ ሁለት ሁለት ሆነው እርስ በርስ ፊታቸውን ይተያያሉ። በአፍንጫ ወይም በጉንጭ ላይ ነጭ ነጥብ ከታየ ብርዱ ሥጋውን መያዝ ጀምሯል ማለት ነው። ባለ ፊቱ ራሱ አይሰማውም፤ ሕመሙ ደንዝዟል። የጓደኛው ዓይን ነው የሚያድነው። ሞቃት መዳፍ ይደረግበታል እንጂ አይታሽም።

ሌሊቱን የሚጠብቀው ማን ነው?

በሰፈሩ ዙሪያ ቀጭን ገመድ ይዘረጋል። አውሬ ሲነካው ርችት ፈንድቶ ሰፋሪውን ይቀሰቅሳል፣ አውሬውንም ያስደነግጣል። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እንላለን፤ ይህ ድር ግን አያስርም፤ ይጮኻል ብቻ። ስለዚህ በእሱ ላይ ሰው ይጨመርበታል። ሌሎቹ ሲተኙ ተረኛው ጠብመንጃና የምልክት ሽጉጥ ይዞ ይቆማል። ምድጃ አጠገብ አይቀመጥም፤ በሰፈሩ ዙሪያ እየተዘዋወረ በየአቅጣጫው ይመለከታል። ነጭ ነገር በነጭ ሜዳ ላይ መለየት አለበት። ጊዜው ሲያልቅ ተከታዩን ቀስቅሶ ያስረክባል። አንዱ ወንድ አንዷ ሴት፣ አንዱ የምድር አንዷ የባሕር ተማሪ ብትሆን ልዩነት የለውም፤ ተራ ተራ ነው።

ድቡ ወንዱ ከ400 እስከ 600 ኪሎ ግራም ይመዝናል። በስቫልባርድ ከ1973 ጀምሮ እሱን ማደን ክልክል ነው። መከተልም፣ በምግብ ማባበልም ክልክል ነው። አገሩ የእሱ ነው፤ ተማሪው እንግዳ ነው። ድብ ሲታይ የመጀመሪያው ሥራ መሸሽ ወይም ሰፈር መንቀል ነው፤ ካልሆነ በጩኸትና በርችት ማባረር ነው። ጥይት የመጨረሻው ነው።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለይምሰል አለመሆኑን የሚያስረዳ አንድ እውነተኛ ታሪክ አለ። በኦገስት 5 ቀን 2011 ማለዳ፣ ከሎንግየርቢየን 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ፎን ፖስት በሚባለው የበረዶ ግግር አጠገብ ከብሪታንያ የመጡ ወጣቶች ሰፍረው ነበር። ጊዜው በጋ ስለሆነ ሰፈሩ በባሕር በረዶ ላይ ሳይሆን በየብስ ላይ ነበር። የማንቂያው ገመድ ተዘርግቷል። ድቡ ሲያልፍ ግን ርችቱ አልፈነዳም። ሌሊቱን የሚጠብቅ ተረኛ አልቆመም ነበር። ጠብመንጃውም በመጀመሪያ ሲሞከር አልተኮሰም። ድቡ ድንኳን ቀድዶ ገብቶ የ17 ዓመት ተማሪ ገደለ፤ ሌሎች አራት ሰዎች አቆሰለ። በመጨረሻ ራሱ ተገደለ። በ2014 በእንግሊዝ አገር በተደረገው የአሟሟት ምርመራ ላይ ነገሩ በዝርዝር ተሰማ።

ይህን ታሪክ ለክፍሌ ተማሪዎች ባወራሁላቸው ጊዜ አንዱ እጁን አንሥቶ «መምህር፣ ታዲያ ጥፋቱ የድቡ ነው ወይስ የሰዎቹ?» ሲል ጠየቀኝ። ድቡ ተርቦ ነበር፤ የተፈጠረበትን አደረገ። በዚያ ድንኳን ውስጥ የነበሩትም ሰዎች ክፉዎች ወይም ፈሪዎች አልነበሩም። ነገር ግን ሦስት አጥር ነበረ፤ ገመዱ፣ ተረኛውና ጠብመንጃው። አንዱ ቢከፈት ሁለተኛው ይይዛል ተብሎ የተሠራ ነው። በዚያ ማለዳ ሦስቱም በአንድ ጊዜ ተከፍተው ተገኙ። አጥር የሚከፈተው ደግሞ ጠላት ሲመጣ አይደለም፤ ምንም ነገር በማይመጣባቸው ብዙ ሌሊቶች ቀስ በቀስ ነው። ዛሬ በእነዚህ ደሴቶች ተማሪ ሲሰፍር ገመዱን ከዘረጋ በኋላ ነክቶ የሚፈትነው፣ ሌሊቱንም በተራ የሚነቃው ለዚህ ነው።

የመጡበት ጉዳይ

እንግዲህ ይህን ያህል የሚደክሙት ምን ፍለጋ ነው? ድንኳኑ መሣሪያ እንጂ ዓላማ አይደለም። ጠዋት ሲነጋ ተማሪዎቹ ውስጡ ክፍት በሆነ ሰርሳሪ በረዶውን ከላይ እስከ ታች እንደ ምሰሶ አድርገው ያወጡታል። በየጥቂት ሳንቲ ሜትሩ ትንሽ ቀዳዳ እየበሱ ቴርሞሜትር ያስገባሉ። ላዩ እንደ አየሩ የቀዘቀዘ ነው፤ ወደ ሥሩ በሄዱ መጠን እየሞቀ ሄዶ ከባሕሩ ጋር ይስተካከላል። ከዚያ ምሰሶውን በመጋዝ ቆራርጠው እያንዳንዱን ቁራጭ ለየብቻው ያቀልጡና ጨዉን ይለካሉ።

ከምሰሶው ሥር አንዳንድ ጊዜ ቡናማ ቀለም ይታያል። ቆሻሻ መስሎ ይታይ ይሆናል፤ ነገር ግን የዚያ አገር ማሳ እርሱ ነው። በበረዶው ሥር ተጣብቀው የፀሐይን ጭላንጭል የሚመገቡ ጥቃቅን እፀዋት ናቸው። እነሱን ጥቃቅን የባሕር ነፍሳት ይበላሉ፤ ነፍሳቱን ዓሣ፣ ዓሣውን ሲል የተባለው የባሕር እንስሳ፣ ሲልን ደግሞ ድቡ ይበላል። ሲል የምትወልደው በበረዶው ላይ፣ በአመዳይ ውስጥ በቆፈረችው ዋሻ ነው። በጥፍሯም በረዶውን እየፋቀች የመተንፈሻ ቀዳዳዋን ክፍት ታደርጋለች። እንግዲህ ድንኳኑ የተተከለበት ወለል ለተማሪው መኝታ ቢሆን ለሌሎቹ ቤትም እርሻም ነው። ስለ እንስሳቱ ሲባል ሞተር በበረዶው ላይ የሚሄድበት ቦታና ጊዜ በሕግ የተወሰነውም ስለዚህ ነው።

የሚሳሳው ወለል

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ደረስን። ይህ ወለል እያነሰ ነው። የሎንግየርቢየን ከተማ ያለችበት ሰፊው ኢስ ፍዮርድ ስሙ በኖርዌይኛ የበረዶ ወሽመጥ ማለት ነው። ከ2006 ወዲህ ግን አብዛኛው ክፍሉ በብዙ ክረምቶች ሳይረጋ ይከርማል። በመላው የዋልታ ባሕር ያለው በረዶ በየዓመቱ እጅግ የሚያንሰው በሴፕቴምበር ነው። በሰማይ የሚዞሩት ሳተላይቶች ያለማቋረጥ መለካት በጀመሩባቸው በ1979ና በተከታዮቹ ዓመታት ያን ጊዜ የሚቀረው ወደ 7 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር ነበር። በ2012 ግን 3.4 ሚሊዮን ያህል ብቻ ቀረ። የጎደለው ከመላው ኢትዮጵያ ስፋት ሦስት እጥፍ ይበልጣል።

ምክንያቱ የአየሩ መሞቅ ነው፤ መሞቁን ያመጣው ደግሞ ከሰልና ነዳጅ ሲቃጠል ወደ ሰማይ የሚወጣው ጋዝ ነው። በዋልታው አካባቢ መሞቁ ከቀረው ዓለም አማካይ ሦስትና አራት እጥፍ ይፈጥናል። ለፍጥነቱ አንዱ ምክንያት በረዶው ራሱ ነው። አመዳይ የለበሰ በረዶ ከሚያርፍበት የፀሐይ ብርሃን ከመቶ ሰማንያውንና ከዚያም በላይ ወደ ሰማይ ይመልሳል። የተገለጠ ባሕር ግን ከመቶ ዘጠናውን ያህል ይውጣል። ነጩ ሲቀንስ ጥቁሩ ይበዛል፤ ጥቁሩ ሲበዛ ባሕሩ ይሞቃል፤ ባሕሩ ሲሞቅ ነጩ ይበልጥ ይቀንሳል።

ታዲያ የተማሪው መዝገብ ከዚህ ላይ ዋጋው ይታያል። ሳተላይት በረዶው ምን ያህል ስፍራ እንደ ሸፈነ ከሩቅ ያያል። ውስጡ ምን ያህል ጨው እንደ ያዘ፣ ከሥሩ ቡናማው ማሳ መብቀሉን፣ በዚያ ቦታ በዚያ ቀን አመዳዩ ምን ያህል እንደ ነበረ ግን ወርዶ ሰርስሮ የሚለካ ሰው ያስፈልጋል። አንዱ ጉድጓድ ብቻውን ምንም አይናገርም። በየዓመቱ፣ በተመሳሳይ ወሽመጥ፣ በተለያዩ ተማሪዎች እጅ የተሞላ መዝገብ ግን ምስክር ይሆናል። ዛሬ በጣቱ ቅዝቃዜ እየተንቀጠቀጠ ቁጥር የሚጽፈው ወጣት፣ ምናልባት ከሠላሳ ዓመት በኋላ ውሃ ብቻ ሊሆን ስለሚችል ሥፍራ ይመሰክራል።

የመመለሻው ቀን ሲደርስ ድንኳኑ ይነቀላል፤ የማንቂያው ገመድ ይሰበሰባል፤ ርችቱ ይቆጠራል፤ ቆሻሻው ሁሉ ታስሮ ይጫናል። ሰው እንዳይገባበት ትልልቆቹ ጉድጓዶች ምልክት ይደረግባቸዋል። የመጡበት ዱካ በአመዳዩ ላይ ገና ይታያል። የደከመ ሰው ያን ዱካ ተከትሎ ዝም ብሎ መሄድ ያምረዋል። መሪው ግን መሰርሰሪያውን ከላይ ያስጭነዋል። ትናንትና የተሸከመ በረዶ ስለ ዛሬ ቃል አልገባም።

አንባቢ ሆይ፤ እርስዎ በባሕር በረዶ ላይ የሚያድሩበት ቀን ላይመጣ ይችላል። ነገር ግን ማንም ሳያይዎ የሚሞሉት መዝገብ፣ ማንም ሳይጠይቅዎ የሚፈትኑት ቁልፍ፣ ሌሎች ተኝተው ሳሉ የሚቆሙበት ተራ በየሥራዎ አለ። በዚያ ነጭ ሜዳ ላይ ያሉት ተማሪዎች ሰላም የሚያድሩት አንዱ ተራውን ስለ ጠበቀ ነው። ነገ ጠዋት ደግሞ በተለካው በረዶ ላይ ይነሡና እንደገና ይለካሉ።